የአራስ ቢላዋ

ዋጫ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ወልደሥላሴ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። መልሱን ያዘገየሁት እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልህ ስለጨነቀኝ ነው።

ቢላዎችህን በስምህ ባዛሩ ላይ ስለማቅረብ የጠየቅኸኝን አስቤበታለሁ። አይሆንም፣ ጋሼ። ስምህ ጠረጴዛው ላይ ከተጻፈ የአባታችን ስም ተጻፈ ማለት ነው። የአባታችንን ስም ደግሞ ቦንጋ ውስጥ «ቀጥቃጩ» የሚለውን ሳይጨምር የሚጠራው የለም። ፎቶ ያነሣሉ፣ ፌስቡክ ላይ ያወጡታል። የባሌ የሙሉብርሃን መሥሪያ ቤት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት እሱን ነው። አክስቴ ያሳደገችኝ ብቸኛ ልጅ ነኝ ብዬ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አሁን በየት በኩል ወንድም አለኝ እለዋለሁ? ቢላዎችህ ሰው ፊት መቅረብ የሚገባቸው መሆናቸውን አውቃለሁ። እምቢ ማለት የከበደኝም ለዚህ ነው።

አማቴ እትዬ አሰለፈች ሊያርሱኝ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። መልካም ሴት ናቸው። ውሃ አያስቀዱኝም፣ ማታ ማታ እግሬን ያሹልኛል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። በእሳቸው አገር አራስ ትራስ ሥር ብረት ይደረጋል፣ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት። ስትወጣም ብረት ይዛ ነው የምትወጣው። «አዲስ ቢላዋ ከገበያ ልግዛ» ሲሉኝ «ተዉት፣ እኔ አስመጣለሁ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አንዲት ትንሽ ቢላዋ ሥራልኝ። የአባታችንን ምልክት ግን አትምታባት።

ሾፌሩ ማሙሽ እዚህ ዋጫ ሚኒባሱን ሲያቆም፣ ቢላዋዋን መናኸሪያው በር ላይ ሸክላ ለምትሸጠው ሴት ይስጣት። ይመኙሻል ትባላለች፤ ግቢያችን ውስጥ ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ደብዳቤዎቼንም ከእንግዲህ በእሷ በኩል ላክ። ማንበብ አትችልም፣ ነገርም አትጠይቅም። ስልክ አትደውልልኝ፤ ስልኬን የቀረበው ሁሉ ያነሣዋል።

ይቅርታ አድርግልኝ። በየደብዳቤው የምጽፈው ይህንኑ ነው።

እህትህ ትሕትና


ቦንጋ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበቴ ቆሜ ስውል ያመኛል፤ ቁጭ ካልኩ ደግሞ ሥራው ይቆማል።

ለባዛሩ ሰዎች አይሆንም ብያቸዋለሁ። የላኩት ወጣት ነው፤ «ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ፕሮፋይልዎን ብቻ ይስጡን፣ ሌላውን እኛ እናስተካክላለን» ይለኛል። ፕሮፋይል የለኝም አልኩት። ባለሱቁ ሰሚር ቢላዎቹን በራሱ ጠረጴዛ ይዟቸው ይወጣል። የማን ሥራ ነው ሲሉት የጅማ ሥራ ነው ይላቸዋል። ሱቁም ውስጥ እንደዚያው ነው የሚለው፣ አዲስ ነገር የለውም።

ቢላዋሽን ለማሙሽ ሰጥቼዋለሁ። ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ የቆረጥኩት ነው፤ እንዲህ ያለ ብረት አሁን አይገኝም። እሳቱን በፀጉር ማድረቂያ ሞተር ነው የማናፋው፣ መብራት ሲጠፋ ወደ አባታችን ወናፍ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ጠመመብኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን አቃንቼ እሰጠው ነበር። ለአንቺ ሌላ ቆረጥኩ። እጀታው ወይራ ነው፣ አፎቱን ከፍየል ቆዳ ሰፋሁት። ስለት አላወጣሁለትም፤ ጫፉንም አደነዝኩት። ሕፃን አጠገብ የሚያድር ቢላዋ መቁረጥ የለበትም። ምልክቱን አልመታሁበትም። መምቻውን አንሥቼ ነበር፣ መለስኩት።

ቡና እየተለቀመ ነው። ከማንኪራ የመጡ ሰዎች ገጀራ ያሠሩኛል። ገጀራቸውን ከእጄ ይቀበላሉ፤ ውሃ ስሰጣቸው «አይ፣ አልጠማንም» ይላሉ። ከማንኪራ በእግራቸው መጥተው አልጠማቸውም።

አማትሽ መልካም ሴት ናቸው ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብረት ከወደዱ ብረት ሠሪውንስ ብዬ ልጠይቅሽ አሰብኩና ተውኩት።

ምጡ ሲመጣ አስነግሪኝ። አልመጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ወንድምሽ ወልደሥላሴ


ዋጫ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ወለድኩ። ወንድ ነው፤ ታኅሣሥ 25። ሳላስነግርህ ገና አለፈ፤ ይቅር በለኝ። ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ አላገኘሁም።

ምጡ ሲጀምረኝ ሙሉብርሃን ለሥራ ገጠር ወርዶ ነበር። እትዬ አሰለፈች ከተማውን አያውቁትም፤ «ማርያም ማርያም» እያሉ ግቢው መሐል ቆሙ። ባጃጅ ፈልጋ ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ ይመኙሻል ናት። አንድ እግር ጫማዋን ጭቃ ውጦባት በባዶ እግሯ ነው ስትሮጥ ያየኋት። እዚያው እስክገላገል ጠበቀችኝ።

ቢላዋህ ትራሴ ሥር ነው። እትዬ አሰለፈች አገላብጠው አዩትና «ይኼ ምኑን ቢላዋ ሆነ? ቅቤ አይቆርጥ!» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ሲስሉት ዋሉ። አሁን ይቆርጣል፤ ሽንኩርት ከትፈውበታል። ሠሪውን ግን አመስግነዋል። «እጁ ይባረክ፣ እጀታው እንዴት ደስ ይላል» አሉ። የጅማ ሥራ ነው አልኳቸው።

የልጁን መልክ መጠየቅህ አይቀርም። ግንባሩ የአባታችን ግንባር ነው። ሰው ሁሉ ቁርጥ ሙሉብርሃንን ይላል፤ እኔም ቁርጥ እሱን እላለሁ። የምታይበትን መንገድ እፈልጋለሁ። ታገሠኝ።

ትሕትና


ቦንጋ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፣

ሕፃኑ እንዴት ሆነ? መጀመሪያ የዚህን መልስ ላኪልኝ።

ቦንጋ መምጣትሽን የነገረኝ ማሙሽ ነው። «እህትህን ሆስፒታል በር ላይ አወረድኳት፣ ልጁ ትንፋሽ አጥሮታል» አለኝ። እሳቱን እንደነደደ ትቼው ወጣሁ። አልመጣም ብዬሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ አልገባሁም፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘሁና ተቀመጥኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ አውቃኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ ሰላም ስትለኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት። አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። በአነጋገራቸው አማትሽ መሆናቸውን ወዲያው አወቅሁ።

«ማንን ልታስታምም ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እህቴን።»

«ምን ሆና?»

«ወልዳ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«የኛም ወንድ ነው። የኛው ግን ታሞብናል።»

ብርቱካን ልጠው እኩሌታውን ሰጡኝ። ስቀበላቸው እጄን አዩት።

«እጅህን ምን በላው?»

«እሳት ነው፣ እማማ።»

«ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው?»

አዎ አልኳቸው። ውሸቱን ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ።

«ታዲያ ምነው እንዲህ ከሳህ? ዳቦ ቤት ውሎ የሚከሳ ሰው አይቼም አላውቅ። ጌታህ ስስታም ነው መሰለኝ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አንቺ ያልጻፍሽልኝን ነገሩኝ።

«ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ አለች። ቡዳ ናት ይሏታል። ልጁን አቅፋ ‹ሲያምር!› አለች፣ እንትፍ እንኳን ሳትልበት። በማግስቱ ጡት እምቢ አለ።»

«ሐኪሙ ምን አሉ?»

«የሳንባ ምች ነው አለ። ይሁን፤ ሳንባውን ማን አስመታው? እሱን ሐኪም አያውቀውም። አከራይዋ ላስወጣት ነው ትላለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፣ አልዋሽም። ግን ምን ላድርግ ልጄ? የልጅ ልጅ ነው።»

ብርቱካኔን ጨረስኩ። አንቺ ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጣሽ። አየሽኝ። ተመልሰሽ ገባሽ። እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ሳስር ቆየሁ። ያደረግሁት ክር የሌለው የፕላስቲክ ቦት ነበር።

አልተቀየምኩሽም። ስነሣ አማትሽ «እህትህን እግዜር ይጠብቅልህ» አሉኝ፣ አሜን አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሊያስወጧት ነው ያሏት ሸክላ ሠሪ ያቺው ናት? ደብዳቤያችንን የምታመላልሰው?

ወልደሥላሴ


ዋጫ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሕፃኑ ድኗል። መርፌውን ጨርሷል፣ በደንብ ይጠባል።

አዎ፣ ያቺው ናት።

ያልጻፍኩልህ የምጽፈውን አጥቼ አይደለም። ከቦንጋ የተመለስን ዕለት አከራያችን እትዬ ተሾመች ቤታችን መጡ። «ይቺን ሴት ላስወጣት ነው፣ ሌላው ተከራይ ሁሉ እየሸሸኝ ነው» አሉ። ሙሉብርሃን «ለሰላም ሲባል ይሻል ይሆናል» አለ። እሱ በቡዳ አያምንም። ጭቅጭቅ ግን ይፈራል። እትዬ ተሾመች ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ መምህርት? የተማርሽ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳቸው።

ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሏል ብል ይበቃ ነበር። ከሁሉም የቀለለው እሱ ነበር፤ እሱን እንኳን አላልኩም። ከተከራከርኩላት «አንቺን ምን አገባሽ?» የሚል ይመጣል። ከእሱ በኋላ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» ይመጣል። ያንን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግም የለም።

ወሩ ሲያልቅ ትውጣ ተባለ። ማን ምን እንዳለ እሷ አታውቅም። ትናንት በመስኮቱ በኩል «ልጁ ጠባ?» አለችኝ። ጠባ አልኳት። «እሰይ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የጫማህን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። የዳቦ ቤቱንም። እትዬ አሰለፈች ስለ አንተ እስካሁን ያወራሉ። «ያ የቦንጋው ዳቦ ጋጋሪ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው» ይላሉ፤ እኔም «ማነው እሱ?» እላለሁ።

ምን ላድርግ? አትቆጣኝ፣ ንገረኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ይህን ደብዳቤ መናኸሪያ የምታደርስልኝ ይመኙሻል ናት፤ አሁን በር ላይ ቆማ እስክጨርስ እየጠበቀችኝ ነው።

ትሕትና


ቦንጋ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፣

የሚመክርሽ ሰው አጥተሽ እኔን መረጥሽ።

ሽማግሌ የመጣብሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ሥራህን ደብቅልኝ ብለሽ ስትጠይቂኝ እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ታላቅሽ ነኝ። ምድጃው ላይ ሸራ አለበስኩ። መስፉን እየጎተትኩ ዶሮ ቤት ከተትኩት። ከዚያ አክስታችን ቤት ሄጄ እንደ ጎረቤት ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቀዳሁ። አብሯቸው የመጣው ባልሽ ብርጭቆውን ሲቀበለኝ «ተባረክ ወንድሜ» አለኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። በማግስቱ ሸራውን አንሥቼ መስፉን ላወጣ ስሄድ ዶሮዋ ላዩ ላይ ተኝታበት አገኘኋት። ሳቅሁ። አባታችን ሰላሳ ዓመት የቀጠቀጠበት ብረት ነው፤ እኔ ሳቅሁ።

ባዛሩ ባለፈው እሑድ ነበር። ሰሚር ጠረጴዛ ፊት እንደ ገዢ ቆሜያለሁ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከቢላዎቼ አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ስለቱን ሞከረች። «ማነው የሠራው? ሰውየውን ማግኘት እፈልግ ነበር» አለች። ሰሚር ቀና ብሎ አየኝ፤ የምናገርበትን ጊዜ ሰጥቶኛል ማለት ነው። ዝም ስል «ጅማ ያሉ ልጆች ናቸው እህቴ» አላት። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት አንቺ ስላልሽኝ አይደለም። ስለለመድኩት ነው። በአንቺ ላይ ሳሳብብ ኖሬያለሁ፣ ይህንንም እወቂልኝ።

ለይመኙሻል ቦንጋ ክፍል ልፈልግላት ብዬ አሰብኩ። ማሙሽ ዕቃዋን ያመጣል፣ እኔ ጎረቤቶቼን አናግራለሁ። ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ዋለ፤ እያፏጨሁ ሁሉ ሠራሁ። በኋላ ነው ምን እያሰብኩ እንደሆነ የገባኝ። በክብር ልናስወጣት ነው ለካ።

ምን እንደምትዪ አልነግርሽም። ዝም ብትዪ ዝም ያልሽው በእኔም ላይ ጭምር ነው፣ የምለው ይኸው ነው። ለክርስትናው ከፈለግሽ ጥሪኝ፣ ካልፈለግሽ አትጥሪኝ። ከጠራሽኝ ግን ዳቦ ጋጋሪ ሆኜ አልመጣም።

ወልደሥላሴ


ዋጫ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ወልደሥላሴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ በሕይወት አለን። ይህን ደብዳቤ ለማሙሽ የምሰጠው ራሴ ነኝ።

ተናግሬያለሁ። መቼ እንደተናገርኩ ግን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ደብዳቤህን አንብቤም ከሳምንት በላይ ዝም ብያለሁ። የተናገርኩት በምትወጣበት ቀን ጠዋት ነው። ይመኙሻል ማሰሮዎቿን በገለባ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ትጭናለች፤ ግቢው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ያያል። የሚያግዛት የለም። ብረት ይዤ መውጣት ነበረብኝና ቢላዋህን ይዤ ወጣሁ። እትዬ አሰለፈች «ምነው ልጄ፣ ንፋሱ!» እያሉ ተከተሉኝ።

«እትዬ፣ እሷ ቡዳ ከሆነች እኔም ነኝ» አልኳቸው። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ወንድም አለኝ፣ እሱም ቀጥቃጭ ነው። ይህን ቢላዋ የሠራው እሱ ነው። ሆስፒታል ብርቱካን የሰጡትም እሱን ነው።»

ከሁሉ አስቀድመው ያሉት ምን መሰለህ?

«ዳቦ ጋጋሪው?»

አዎ አልኳቸው። ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ልጁ ቤት ውስጥ ማልቀስ ጀመረ።

«ታዲያ ያንን ልጅ ማን ሊያጠባው ነው?» አሉ። እኔን ይጠይቁ ራሳቸውን አላወቅሁም። ልጁ ለቅሶውን ሲያበዛ ግን «በይ ግቢና አጥቢው» አሉኝ።

ይመኙሻል ገመድ እያሰረች ነበር፤ አልዞረችም። እትዬ ተሾመች ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አሉ። ባጃጁ ወጣ።

የቤቱን ነገር ማወቅ ትፈልጋለህ። ሙሉብርሃን የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔ ምንም አይደለም ይላል። «ያ ጠላ የቀዳልኝ ሰውዬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ወጥቶ ሄደ። አምስት ዓመት መዋሸቴን ነው የሚያነሣው። እትዬ አሰለፈች አልሄዱም። ገንፎዬን ይሠራሉ፣ ልጁን ያጥባሉ። ከእጄ ግን ውሃ አይቀበሉም፤ ጠረጴዛ ላይ እስካስቀምጠው ይጠብቃሉ። ቢላዋህን ከትራሴ ሥር አውጪው አላሉኝም፣ ተይውም አላሉኝም። እሳቸውን መጥላት ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር።

ክርስትናው ረቡዕ፣ የካቲት 5 ነው። ና። አጎት እንደሚጠራ ጠርቼሃለሁ። ማን እንደሚያናግርህ አላውቅም።

ትናንት ልጁን አቅፌ ይመኙሻልን ፈልጌ ሄድኩ። አርባ ቀኔ ገና ነው፤ «አትውጪ» ያለኝ ግን የለም። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ከቡና ማጠቢያው ማዶ አንዲት ክፍል አግኝታለች። ክርስትናው ላይ እንድትገኝ ልጠራት፣ ይቅርታም ልጠይቃት ነው የሄድኩት።

«ግቢ» አለችኝ። በርጩማ አቀረበችልኝ። ይቅርታ ስላት ግራ ገባት።

«ለምኑ ነው እሱ? አንቺ እኮ ምንም አላልሽም» አለችኝ። በክፋት አላለችውም። የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

ልጁን ላሳቅፋት አቀረብኩላት። ከተቀመጠችበት ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ራሷ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ ዓይኗን እስኪሸፍን ድረስ ወደ ታች ሳበችው።

«እዪው እንጂ» አልኳት።

«ነገ ሲያስነጥሰውስ?» አለች ከነጠላው ሥር። «አላየሁትም። እዚያ ወስደሽው ነበር ካሉሽ፣ አላየችውም በያቸው።»

እስክወጣ ድረስ አልገለጠችም።

እህትህ ትሕትና